የአዛዡ ወንበር

ጥር 9

ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን አሁንም የስፌት መኪናው ላይ እየጨረስሽው ነው? አክስታችንስ? እንደ ድሮው ከደብዳቤሽ ግርጌ ለምን በእጇ ሁለት መስመር አትጨምርልኝም? እኔ ደህና ነኝ፤ ከእንቅልፍ ጋር ብቻ ትንሽ ተኳርፈናል።

«ለመሆኑ እዚያ የሚከፍሉህ ምን እየሠራህ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ጫማ በእጄ አጥልቄ ጠጠር ላይ እሄዳለሁ። አትሳቂ። ፊልም ሲቀረጽ የሰው እርምጃ ጥርት ብሎ አይሰማም። ስለዚህ ተዋናዩ ስዕሉ ላይ ሲራመድ እኔ ግድግዳው አሮጌ ብርድ ልብስ በለበሰ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ተንበርክኬ አርባ ሦስት ቁጥር ቦቲ በሁለት እጄ ይዤ ትሪ ሙሉ ጠጠር እረግጣለሁ። የበሩም፣ የዝናቡም፣ የፈረሱም ድምፅ ከኔ ነው የሚወጣው። ከዚያ የቴፑን ክር በመቀስ እየቆረጥኩ እቀጥለዋለሁ። አንቺም ክር፣ እኔም ክር፤ የአንድ ቤት ልጆች መሆናችን አይካድም።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ በፊልሙ ውስጥ የአያታችንን እግር ሆኜ ስሄድ ዋልኩ። ከሞተ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አንቺም እኔም አላየነውም፣ አባታችን እንኳ ገና ጡት ሳይጥል ነው ያጣው። አሁን እኔ ሌላ ሰው የተጫማውን ቦቲ ይዤ «እንዲህ ይሆን የሚረግጠው?» እያልኩ እጨነቃለሁ።

ለማስታወቂያ ያሳተሙትን ወረቀት ልገልብጥልሽ። «ባለ ወፍጮ ነበር። ወፍጮውን የቀማውን ሹም አቁስሎ ሸፈተ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከበብነው ሲሉ እየጠፋባቸው ‹ጭጋግ› ተባለ። በመጨረሻ ከአስራ አንድ ተከታዮቹ ጋር በገዛ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተከበበ። የቀረውን ከፊልሙ ይመልከቱ።» ደህና ጽፈዋል፣ አይደል?

«መጨረሻውን እንዴት አደረጉት?» ላልሽው ግን፣ ያላለቀ ልብስ ለባለቤቱ አይታይም ትይ የለ? ፊልሙም ገና ነው። መጀመሪያ የሚታየው እናንተ ጋ፣ በከተማው አዳራሽ፣ መጋቢት 20 ከሰዓት በኋላ ነው። ለአክስታችን የፊተኛውን ረድፍ አስይዤላታለሁ። «የአባትሽን ፊት ግድግዳ አክሎ ታዪዋለሽ ብሏል» በይልኝ። አምና በቴፕ የቀዳሁት ቃሏ የፊልሙ ዋና ምስክር መሆኑንም ንገሪያት። ያን ቀን ከነበሩት ሰዎች በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ወንድምሽ፣ ጆሮው


ጥር 21

ለጆሮው፣

ሰላም ነህ ወይ? እኛ ከነጭቅጭቃችን አለን። «አክስቴ እንደ ድሮው ከደብዳቤሽ ግርጌ ለምን በእጇ ሁለት መስመር አትጨምርልኝም?» ላልከው፣ ብዕሩ ደርቆ ነው። ሌላ ብዕር እስክገዛ ሰላምታዋን በኔ በኩል ተቀበል።

አሁን ወደ ነገራችን። ትናንት አናጺው ሱቄ መጣ። ያቺን ግራጫ ሱሪ ሊለካ መስሎኝ ሜትሬን ከአንገቴ ሳወርድ ጋዜጣ ዘረጋልኝ። «ፊልሙ ሽፍታው ጭጋግ እጁን የሰጠበትን ቀን በገዛ ልጁ ምስክርነት ያሳያል» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ቀና ብዬ የአናጺውን ፊት ነው ያነበብኩት።

የሱ አያት ከአስራ አንዱ አንዱ እንደነበር ታውቃለህ። «እስከ ዛሬ ሐሜት ነው ብዬ አልፌዋለሁ» አለኝ። «አያትሽ እስኪመሽ ቢታገል ኖሮ አያቴና ጓደኞቹ በኋላ በር ይወጡ ነበር ሲባል፣ ‹የሰው ወሬ ነው› እያልኩ ስከራከር የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን ልጁ ራሷ መሰከረች። አስራ አንድ ሰው ለጥይት ጥሎ እጁን ሰጥቷል።»

«ሻይ ልቅዳልህ?» አልኩት።

«ሱሪዬን ስጪኝ።»

«ያንደኛው እግር ገና አልታጠፈም እኮ።»

«እንዳለ ስጪኝ።»

አንድ እግሩ ልክ፣ አንድ እግሩ መሬት የሚጠርግ ሱሪ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። ከሱ ወዲህ ሦስት ሰው ያሰፋውን ሳልጨርስ ወስዷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አንተ ጆሮው ሆነህ እዚያ ምንም አልሰማህም? ይህ ነገር እውነት ነው? ፊልሙ የሚያልቀው እንዲህ ነው?

ለአክስታችን ልደብቃት ነበር፤ የፖስታ ቤቷ ልጅ ቀድማ ነገረቻት። አንብቢልኝ አለች፣ አነበብኩላት። ምን አለች መሰለህ? «ሰጠ አላልኩም። ሰጠኝ ነው ያልኩት።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ከተማው ሊበላን ተነሥቷል፣ እሷ ጋዜጣ ታርማለች!

እህትህ


ጥር 27

እትዬ፣

ሰላምታ ሳላቀርብ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይቅር በይኝ።

«እውነት ነው?» ላልሽው፣ እውነት ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ደብቄሽ ነው። መጨረሻው ላይ የወፍጮ ቤቱ በር ይከፈታል፣ ተዋናዩ ብቻውን ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ይወጣል፣ ከበባውን የሚመራው፣ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ የተቀመጠው አዛዥ ብዕሩን አንሥቶ ይጽፋል። ያን ሰውዬ ወደዚያ አዛዥ ያስኬድኩት እኔ ነኝ፣ በዚሁ በእጄ። ቃሉ የአክስታችን ነው፣ ሰው በገዛ አባቱ ላይ በሐሰት አይመሰክርም፣ ከተማውም ድሮ የሚያወራው ይህንኑ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ላንቺ ግን መጻፍ አቃተኝ።

አሁን «ሰጠኝ ነው ያልኩት» አለች ብለሽ በቀልድ የጻፍሽው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። እጁን ሰጠ እና እጁን ሰጠኝ! እትዬ፣ አንድ ሰው ለጠላቱ እጁን ሰጠ ማለትና ለልጁ እጁን ሰጣት ማለት አንድ ነው? ለማን ነው የሰጠው?

ሌላ ሰው ሳይሰማ ጠይቂያት። አትቸኩይባት፣ ግን ቶሎ በይ፤ ምን እንደምል አላውቅም። ኮፒው የሚታተመው መጋቢት 12 ነው። ከዚያ በኋላ መርፌም አይገባበት። ትቼ ልምጣ ብል እኔ የሌለሁበትን ቀን ጠብቀው ይጨርሱታል ብዬ እሰጋለሁ።

ጆሮው


የካቲት 6

ለጆሮው፣

«ተናገረች ወይ?» የሚል ሁለት ቃል ቴሌግራም የምትልክ ሰው አንተ ብቻ ነህ። የፖስታ ቤቷ ልጅ ሰው የሞተብን መስሏት እያለቀሰች ነው ያመጣችልኝ። ዳግመኛ እንዳታደርገው።

ተናግራለች። አምስት ቀን ፈጀባት። በስድስተኛው፣ እኔ ቁልፍ እየተከልኩ እሷ ምስር እየለቀመች ሳለን፣ ሳልጠይቃት ጀመረች። እንደ ተናገረችው ልጻፍልህ።

«አዛዡ ቤታችን መጣ። ከረሜላ ሰጠኝ። ‹ወፍጮ ቤቱ ግቢና አባትሽን ጥሪው› አለኝ። እናቴ ስትጮህ ሰማኋት፤ እኔ ግን ሮጥኩ። ለምን አልሮጥ? ሁለት ዓመት አላየሁትማ! ውስጡ ድቅድቅ ያለ ነው፤ መስኮቱን ሁሉ በጆንያ ደፍነውታል። ፊቱን አላየሁትም። ዱቄት ዱቄት የሚሸት ሰው አቀፈኝ። ‹ማን ላከሽ?› አለኝ። ‹ከረሜላ የሰጠኝ ሰውዬ› አልኩት። ከጓደኞቹ አንደኛው ‹ልጅቷን ከድንጋዩ ሥር አስተኛትና እስኪመሽ እንታገል፤ ሲጨልም በውሃው መውረጃ እንወጣለን› አለው። አባዬ ‹ይህ ግድግዳ ጥይት አይመልስም› አለ። ከዚያ ጠመንጃውን አስቀምጦ በሩን ከፈተ። ከበሩ በታች ሦስት ደረጃ አለ፤ ለኔ እግር ከፍ ይላል። ‹እንዳትወድቂ› ብሎ እጁን ሰጠኝ።»

ይኸው ነው። ለነሱ አይደለም የሰጠው፣ ለሷ ነው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሲሰድቡት ለምን ዝም አልሽ?» ብዬ ጮህኩባት፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ። ምስሩን መልቀም ሳታቆም፣ «ምን ብዬ ልናገር?» አለችኝ። «እኔ ባልገባ አይወጣም ነበር። እሱ በሩን ባይከፍት ወታደሮቹ አይገቡም፣ አስራ አንዱም ያመልጡ ነበር። ሰው አባዬን ሲያማ እኔ ከሥሩ ተደብቄ ኖርኩ። ለጆሮው አምና ልንገረው ብዬ አንዷ ቃል ወጣችልኝ፤ ሌላው አልወጣ ሲለኝ ከወንበሬ ተነሣሁ።»

እኔም ቁልፉን በተሳሳተው ወገን ተክዬው አገኘሁት። ያንተን ሰዎች እግዜር ይይላቸው፤ «ሰጠኝ» የሚለውን «ሰጠ» ብሎ የጻፈው ማነው? ስሙን ላክልኝ።

እህትህ


የካቲት 13

ለእትዬ፣

«ስሙን ላክልኝ» ያልሽውን ሰው አግኝቼዋለሁ። እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽን ይዤ በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ገባሁ። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። «ዘመድህ ነው፣ ይገባኛል» አለኝ። «ግን ቴፑን ያመጣኸው አንተ ነህ። ሴትዮዋ ‹እጁን ሰጠ› ስትል እኔም አንተም ሰምተናል። አሁን ሰፈር ሲቆጣ ታሪክ ልቀይር?» ቴፑን ከፈተው። እውነቱን ነው። «ከዚያ በሩን ከፈተ። እጁን ሰጠ» ትልና ጭጭ።

ያ ጭጭታ ነው ያጋለጠኝ። ቤታችን መቼ ጭጭ ብሎ ያውቃል? ከንግግር በኋላ የሰው ትንፋሽ አለ፣ የወንበር ድምፅ አለ፣ ያንቺ መኪና አለ። ከዚህ ላይ ግን ምንም የለም፤ በመቀስ የተቆረጠ ዝምታ ነው። መቀሱም የኔ ነው።

አስታወስኩት። ስትነሣ ያ የማእዘን ወንበሯ፣ ያ የሚያለቅሰው፣ ሲጥ አለ። የቃሏ ጭራ ላይ ወደቀ። እኔም ቴፑን ለጸሐፊው ከመስጠቴ በፊት ላጽዳው ብዬ ሲጥታውን ቆረጥኩት። «ኝ» አብራ ሄደች። እትዬ፣ ድምፅ እየሰማሁ ቃል አልሰማሁም። ከልጅነቴ «እጁን ሰጠ» ሲባል ስለሰማሁ፣ ጆሮዬ የጠበቀውን ሲያገኝ ረካ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቆርጬ የምጥለው ክር ጥቂት ነው፤ የሚጠቅመውን በፖስታ አስቀምጣለሁ። «ሳል»፣ «ማጠፊያው የዛገ በር»፣ «ማንኪያ ሲወድቅ» እያልኩ እጽፍበታለሁ። «የወንበር ሲጥታ» የሚለውን ፖስታ አገኘሁት። ስከፍተው ባዶ! ተጠቅሜበታለሁ ማለት ነው፤ ግን የት? ሁለት ቀን ሙሉ ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጆሮዬ ስዳብሰው ሰነበትኩ። ምሳ አልበላሁም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ዳቦ አምጥታ «ምን ጠፍቶህ ነው?» ብትለኝ «አንዲት ፊደል» አልኳት። አዝና ነው የሄደችው።

የት እንዳገኘኋት ልንገርሽ? ከአዛዡ መቀመጫ ሥር። አዛዡ ዛፉ ሥር ሄዶ ሲቀመጥ ወንበሩ ሲጥ ይላል። ያ የአክስቴ ወንበር ነው፤ ከፊቱ በጣም ቀጭን ሆና የአክስቴ «ኝ» አለች። ሰውዬው ተቀምጦባታል! ሁለት ጣት የማትሞላ ክር ናት። ይዣታለሁ፤ እፈራለሁ ግን አልለቃትም።

ማስገባት ከቻልኩ ከተማው የሚሰማው እሷን ነው፤ ምስጢሯም አብሮ ይወጣል። ትፈቅድ እንደሆን ጠይቂልኝ። ካልፈቀደች ክሯን ፖስታዋ ውስጥ መልሼ ዝም እላለሁ።

ጥፋተኛው ወንድምሽ


የካቲት 20

ለጆሮው፣

መቀስ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ሳይሞላህ እዚህ ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ ስትሰበስብ «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» ያልኩህ እኔው ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የመቀስ ወለምታስ? ደብዳቤህን አንብቤ ሳህን ሰብሬያለሁ። ሁለት። ሁለተኛዋ የቆየች ስንጥቅ ነበረች፣ እሷን አልቆጥርብህም።

ንዴቴ ሲበርድ ለአክስታችን አነበብኩላት። አዛዡ በ«ኝ»ዋ ላይ መቀመጡን ስትሰማ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ዓመት አልፏል። ሳል እስኪይዛት ሳቀች፣ ከዚያ ሳትሰናበት ወደ ልቅሶ ገባች። «ትፈቅጂ እንደሆነ ይጠይቃል» አልኳት።

«ይውጣ» አለችኝ። «ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የስድስት ዓመት ልጅ ማን ይሰድባል? የሚሰድብ ካለም ይምጣና እኔን ፊት ለፊት ይስደበኝ። እሱ በቂ ተሰድቧል።»

አሁን የኔን ኑዛዜ ስማ፤ እኔም ቆርጬብሃለሁ። ብዕሩ አልደረቀም። አክስታችን ከመስከረም ጀምሮ ዓይኗ አያይም። መጀመሪያ ብርሃን ትለይ ነበር፣ አሁን እሱም የለም። ሐኪሙ ለዕድሜዋ የሚደረግ ነገር የለም አለ። ምስር የምትለቅመው በጣቷ ነው። «የአባትሽን ፊት ታያለሽ» እያልክ ስትጽፍ እንዴት ብዬ ልንገርህ? እሷም «ልጁን አታስደንግጪው» አለችኝ።

ምን እንደምትል ታውቃለህ? «ፊቱን ያኔም አላየሁትም፤ ስንወጣም ዓይኔ ደረጃው ላይ ነበር። እኔ የማውቀው እጁንና እግሩን ነው። ጆሮው በደንብ ያስኪደው እንጂ ፊቱን እነሱ ይዩት።»

እንግዲህ ያ ፊልም ለሷ ያንተ ሥራ ብቻ ነው። ሌላው የለም።

እህትህ


የካቲት 28

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ክፍሌን ከውስጥ ቆልፌ አለቀስኩ። ግድግዳው ብርድ ልብስ ስለለበሰ ማንም አልሰማኝም፤ ለዚህም ይጠቅማል ለካ።

«ዳይሬክተሩ ምን አለ?» እንደምትይ አውቃለሁ፤ በማግሥቱ ጠራሁትና የቆረጥኳትን ክር ከቦታዋ ቀጥዬ አሰማሁት። «ከዚያ በሩን ከፈተ። እጁን ሰጠኝ» ሲጥ!

«ይህ ወንበር ነው» አለ።

«ከወንበሩ በፊት» አልኩት።

አምስት ጊዜ ሰማው። በአምስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «ማነው የቆረጠው?» ሲለኝ «እኔ ነኝ፤ እጄን ሰጥቻለሁ» አልኩት። ያባርረኛል ብዬ ኮቴን ለብሼ ነበር የቆምኩት። ቴፑን አጠፋና «በአንድ ቃል ሰው ይገደላል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኛ ለካ በአንድ ፊደል ገድለናል» አለ።

እንደገና መቅረጽ ግን አይቻልም። ተዋናዩ ጢሙን ተላጭቶ ሌላ ቦታ ፍቅረኛ ሆኖ እየሠራ ነው፤ ወፍጮ ቤቱም የካርቶን ስለነበር ፈርሷል። ስለዚህ «ስዕል የለኝም፤ ድምፅ አለህ?» አለኝ። አለኝ አልኩት። ተስማማን። በሩ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ይገባል፣ ከዚያ ስዕሉ ይቆረጣል፤ እጁን ያነሣው ሰው አይታይም። በጨለማው ውስጥ ደረጃ የሚወርድ የሁለት ሰው እግር ይሰማል፣ ትልቅና ትንሽ። በመጨረሻ የአክስቴ ቃል ከነወንበሩ። አዛዡ ግን ከእንግዲህ ሲቀመጥ ወንበሩ ድምፅ የለውም። ይበለው።

የልጅ ጫማ ፈልጌ፣ በግራ እጄ ቦቲውን በቀኜ እሷን ይዤ ሦስቱን ደረጃ ወርጃለሁ። ካሴቱን ልኬልሻለሁ፤ የፖስታ ቤቷ ልጅ ቴፕ አላት ብለሽኝ ነበር። አሰሚያትና የምትለውን ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። መጋቢት 12ን አትርሺ። አናጺውስ?

ጆሮው


መጋቢት 5

ለጆሮው፣

ሳልቀንስ እጽፋለሁ፤ አንተም ሳትከፋ አንብብ።

ሦስት ጊዜ ሰማችው። «ይህች የማን ልጅ ናት?» አለች። «አንቺ ነሽ።» «እኔ አይደለሁም። ይህች እንደ ትልቅ ሰው እያፈራረቀች ነው የምትወርደው። ደረጃው ከፍ ይል ነበር አላልኩም? አንድ እግሬን አወርዳለሁ፣ ሌላውን አመጣና አገናኛለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እሱም አንድ ወርዶ ይጠብቀኝ ነበር። አባዬ እንዲህ አይቸኩልም። ወዴት ብሎ ይቸኩላል?»

«አናጺውስ?» ላልከኝ። እኔ ልሸፍነው ፈልጌ ነበር፣ እሷ አስጠራችው። በሩ ላይ እንደቆመ፣ «ግባ አልልህም፣ ስማና ሂድ» አለችው። «አባቴን ከዚያ ቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አያትህን ያስገደልኩት እኔ ነኝ። ከረሜላ ሰጥተውኝ ነው የገባሁት። ፊልሙ ላይ ከምትሰማው ከአፌ ስማው ብዬ ነው።» ሁሉንም ነገረችው። ቀዩ ሰውዬ አመድ መሰለ። ዓይኗን ሲያይ የማታየው መሆኑን ያኔ ነው የተረዳው። ዞሮ ሄደ።

ሱሪውን ላጥፍለት ልል ነበር። አፌን ያዝኩ።

እህትህ


መጋቢት 11

ለእትዬ፣

ዛሬ ሃያ ሦስት ጊዜ ደረጃ ወረድኩ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ዳይሬክተሩ «ይህ ነው» አለ፤ እኔ ሃያ አራተኛ ጠየቅኩት። ትልቁ አንድ ይወርዳል፣ ይቆማል። ትንሿ አንድ፣ ታገናኛለች። ትልቁ አንድ፣ ይቆማል። ነገ ጠዋት ወደ ማተሚያ ይገባል።

«ትመጣለህ ወይ?» ትይኝ ይሆናል፤ አልመጣም። ለሌሎቹ ከተሞች የሚሄዱት ኮፒዎች በኔ እጅ ነው የሚታረሙት። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ አናጺው እንዴት እንደሚያያት ለማየት ድፍረት የለኝም። ምንም ነገር ሳትቆርጪ ጻፊልኝ። ቢሰድባትም፣ ሰው ተነሥቶ ቢወጣም ጻፊልኝ።

ጆሮው


መጋቢት 21

ለጆሮው፣

ምንም አልቆርጥም። አንተም እስከ መጨረሻው ሳትዘል አንብብ፤ ታሪክ ከኋላ ወደ ፊት የምታነብ ልጅ ነበርክ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሐሜት የሚያመጣውን ሰው ያህል ጥሩ ነገር አያመጣም። አክስታችንን ሰማያዊ ቀሚሷን አልብሻት የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ከኋላችን ያለው ሹክሹክታ ለኔ እንኳ ይሰማ ነበር፤ ለሷ ምን ያህል እንደሚሰማ አስበው። አናጺው የመጣው መብራት ሊጠፋ ሲል ነው። ያንን ግራጫ ሱሪ ለብሶታል! አንዱ እግሩ ልክ ነው፣ አንዱ መሬት እየጠረገ ይከተለዋል። በንዴት ይሁን በሌላ ምክንያት እንጃ፤ ማንም አልሳቀም።

አክስታችን እጄን ይዛ ሰማች። ቦቲው በጠጠሩ ላይ ሲሄድ «ይህ ጆሮው ነው?» ትለኛለች፣ «አዎ» እላታለሁ። ዝናቡንም፣ ፈረሱንም። አዛዡ መጥቶ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ዝም አለ። አክስታችን ብቻ ፈገግ አለች፤ ከመላው አዳራሽ ያን ቀልድ የሰማነው ሁለታችን ነን።

ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ ብርሃኑ ገባ፣ ጨለመ። ሰዉ ፊልሙ የተበጠሰ መስሎት አንዱ አፏጨ። ከዚያ እግሩ መጣ። ትልቁ አንድ ወረደ፣ ቆመ። ትንሿ አንድ ወረደች፣ አገናኘች። አንተ ልጅ፣ እኔ ያንተ እጅ መሆኑን እያወቅኩ በጨለማው ውስጥ እግራቸውን በዓይኔ ፈለግኩ። አክስታችን ወንበሯ ላይ ሆና ሁለት እግሯን በየተራ ወለሉ ላይ እያኖረች አብራ ወረደች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ እጄን ለቀቀችው። ድምፅዋ መጣ፦ «ከዚያ በሩን ከፈተ። እጁን ሰጠኝ።» ሲጥ! ያ ጉደኛ ወንበራችን።

መብራት ሲበራ የሚያጨበጭብ የለ፣ የሚነሣ የለ። «በቃ እንሂድ» አለችኝ፣ ተነሣን። ወደ ውጭ ስንወጣ ከበሩ በታች አራት ደረጃ እንዳለ ታስታውሳለህ። እኔ ቦርሳዋንም ነጠላዋንም ይዤ እንዴት እንደማወርዳት ሳስብ አናጺው ከኋላችን መጣ። ሱሪው ሲጎተት ሰማሁት። አሁን ስድብ ያወርድባታል፣ በሰው ፊት ያዋርዳታል ብዬ ሰጋሁ።

«እማማ» አላት። «ደረጃ አለ። እንዳይወድቁ።» እጁን ሰጣት።

አክስታችን ጣቶቹን ዳበሰቻቸው። «ቀስ በል እንግዲህ» አለችው። «እኔ ሁለት እግሬን እያገናኘሁ ነው የምወርደው።»

አንድ ወርዶ ጠበቃት፣ ሁለተኛውን ወርዶ ጠበቃት። ሰዉ ሁሉ ከኋላችን ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፤ አንድም ሰው አልገፋም። እኔ ጎንበስ ብዬ፣ ረግጦት ሁለቱም እንዳይወድቁ፣ ያንን ያላጠፍኩትን የሱሪ እግር ይዤለት አብሬ ወረድኩ።

እህትህ